ትርተራ

ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት።
አምና በሰኔም ይኸው ነበር፤ ዘንድሮም ያው ነው፣ በጥቅምት።
አንድ ቀን ዘጠኝ መቶ ሠላሳ፣ በማግሥቱ ስምንት መቶ ዘጠና፣
ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው፤ የተለማመደው መንገድ አለና።
እንደ አሞራ ገደል አባ ኮዳ
ባንድ እግሩ ቆሞ ያንቀላፋል፤ አሳብ የለው፣ የለው ዕዳ።

ያልሞከርኩት ምን አለ?
መክፈቻ ሸመደድኩ፣ አሥራ አምስት እርምጃ ሙሉ፤
ላሚሶ በሦስተኛው ከመንገዱ ወጣ፣ አሥራ ሁለቱ ባከኑ ሁሉ።
እንቆቅልሽ ፈታሁ፣ በሁለት እርምጃ ማት፣ መቶ ሃምሳ፤
እዚያ መልስ እንዳለ ይነገራል፤ በጨዋታ መሀል ግን ማን ያውሳ?
ባለ ሦስት ደቂቃውን ሞከርኩ፣ በሰርቪስ አውቶቡስ ወንበር፤
ከመነኸሪያ እስከ ፓርኩ በር
አራቴ ተሸነፍኩ፤ ገና ሳይነጋ ነበር።
አብራኝ የምትኖረው ፈትለወርቅ፣ "ተይው" አለች፣ "ሰው ለመዝናናት
ይጫወታል እንጂ፣ ማን ያለቅሳል ለእንጨት?"

ላሚሶ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ሰው እስኪሞላለት
ከሾላው ሥር ካርቶን ይዘረጋል፤ መስመሩን በእስክሪብቶ ያሰመረበት።
አንዱ ጥቁር ፈረስ ቆርኪ ነው፣ የአምቦ ውኃ፤
ነጩ ግንብ የባትሪ ድንጋይ፤ ጎበዝ ነው፣ ግን ሠራዊቱ ድኃ።
እንደሚቀዝፍ ይጫወታል፤ አይቸኩል፣ ፊቱ አይጠቁር፤
እኔ ወታደሩን ስበላ፣ እሱ ሐይቁን ያያል፣ ሳይናገር።
ከዚያ፣ "ኪሽ።"
ፈረሴን ለአንድ ወታደር ሰደድኩት፤ ሲሄድ ቤቴ ፈረሰ፤
ንግሥቴ ተጠርታ ስትመጣ፣ እሳቱ ከጣሪያው ደረሰ።
"ምን አየህ?" አልኩት። "አንቺ ያላየሽውን" አለና ሳቀ፤
አንድ ቤተሰብ ጀልባ ፈለገ፤ ወሬያችን እዚያ ላይ አለቀ።

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እጅጌ እሰፋለሁ፤ ግራ እጅጌ፤ በቀን አራት መቶ።
ሐሙስ ዕለት አንዱ ተመለሰ፣ በቀይ ጠመኔ ተቀብቶ።
ጫፉ ተሸብሽቧል። እኔም ጫፉን ላቃና ስታገል
ዘርትሁን መጣች፣ ተቆጣጣሪዋ፤ እጅጌውን ከእጄ ስትቀበል፣
"ሽብሽቡ እዚህ ታየ እንጂ" አለች፣ "እዚህ አልተወለደም ጭራሽ፤
ወደ ኋላ ተርትሪው፤ ክሩ ራሱ እስኪነግርሽ።"
ተረተርኩ። አንድ ስንዝር። ሁለት። ከብብቱ ሥር፣
አንዲት ስፌት። አንዲት ብቻ። ከልክ በላይ የጠበቀች ክር።

ያን ማታ ፈትለወርቅ ስትተኛ
አዲስ ጨዋታ አልጀመርኩም፤ በራሴ ላይ ተቀመጥኩ፣ እንደ ዳኛ።
ከማቱ ተነሥቼ ወደ ኋላ፣ እርምጃ በእርምጃ ተረተርኩ፤
ሃያ ሦስተኛው መስሎኝ ነበር፤ አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ደነገጥኩ፦
ወታደር በልቻለሁ። በነፃ መስሎኝ። ሳልጠይቅ፣ እሱ ምን ፈለገ?
ሌላውን ተረተርኩ። ወታደር። ሌላውን። ወታደር።
ሁሌ እጄ ነው፣ ዓይኔን ጥሎ የሮጠው፣ የባለገ።
አርባ ሽንፈት ተረተርኩ በሁለት ሳምንት፤
ሠላሳ አንዱ አንድ ሽንፈት ነው፣ ልብስ እየቀየረ የሚገባ ቤት።

ቁጥሬስ? ስምንት መቶ ሰባ አራት።
ወርዷል። እጄን ስይዝ ሰዓቱ ያልቅብኛል፤ ሳስብ ይመሻል፣ ሳልገፋ አንዲት።

እሑድ፣ ከሾላው ሥር፣ ላሚሶ ወታደር ጣለልኝ፣ ጠባቂ የሌለው።
እጄ ተነሣ። ሌላው እጄ ያዘው።
የቆርኪውን ፈረስ አየሁት። ወዴት ሊዘል ነው?
ላሚሶ ዓይኑን ከሐይቁ መለሰ፤ ቦርዱን ገና አሁን አየው።

ተሸነፍኩ፣ በርግጥ። በአርባ ስድስተኛው። ፀሐይ ከውኃው ስትጠልቅ፤
ግን የትኛዋ ስፌት እንደሆነች፣ ቤት ሳልደርስ ነበር የማውቅ።
ላሚሶ ካርቶኑን አጠፈ፤ ቆርኪውን ከኪሱ አኖረ፤
"ሰው ጀልባ ፈልጎ ሲጠራኝ አልሰማሁም" አለኝ፤ "ሄዶ ቀረ።"