ቀረ

እኔ ፖስተኛ ነኝ፣ በሜይን ጠረፍ ላይ፣
ከወንዙ ማዶ ያለው የካናዳ ሰማይ።
ሃያ ሦስት ዓመት ይህን መንገድ ሄድኩኝ፣
ፖስታ ሳልከፍተው ማንበብ ተማርኩኝ፤
የሠርግ ጥሪ ከባድ፣ ወረቀቱ ወፍራም፣
የሆስፒታል ሂሳብ መስኮት አለው ሁልጊዜም፣
የፍርድ ቤት በአደራ፣ ተፈርሞ ነው የሚሰጥ፣
የዕዳ ደብዳቤ ግን ቀጭን፣ ነጭ፣ ፍጥጥ።

ያ ቀጭን ፖስታ ነው ወር በገባ ቁጥር
ለሎርና ቲቦዶ የሚደርስ ሳይቀር፤
ስልሳ ስምንት ሺህ ዶላር፣ ወለዱ ሳይቆጠር።
«ለመማር ተበደርኩ፣ ለመስማት ተማርኩኝ፣
ቀን ሰው ስሰማ ውዬ ማታ ዕዳ ቆጠርኩኝ»
ብላኝ ሳቀች አንዴ፣ በጥር ማለዳ፣
አካፋ ተደግፋ።
ሳቅሁ። ማን አለ ያለ ዕዳ?

ቢሮዋ ቀድሞ የኳስ ዕቃ ቤት ነበረ፣
ላስቲክ ላስቲክ ማለቱ እስካሁን አልቀረ።
ሁለት ወንበር፣ አንድ ሶፍት፣ መስኮት የሌለው ክፍል።
ልጄ ሬሚ እዚያ ገብቶ ማክሰኞ ይውል።
ፋብሪካው ሲዘጋ እናቱ ደቡብ ወርዳ
በዚያው ቀረች፤ እሱም አፉን ዘጋ። እንደ እንግዳ
ከፊቴ ተቀምጦ ሾርባ ያማስላል፤
«እንዴት ዋልክ?» እላለሁ፤ ትከሻው ይመልሳል።
አንድ ማክሰኞ ግን፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ከበር፦
«ዛሬ አጋዘን አየሁ፣ ወንዙን ሲሻገር»።
አምስት ቃል። ቆጠርኳቸው፣ እንደ ደሞዝ ብር።

ውሉ እንዲህ ነው፦ «ጠረፍ ላይ ተቀመጪ፣
አምስት ዓመት ሙሉ ልጆችን አድምጪ፣
ከዚያ ዕዳሽ ይቀራል»።
ከእሷ በፊት ሦስት መጡ፤ ሦስቱም ውል ሳይሞላ
ሄዱ፤ አንዷ በብርዱ፣ አንዱ በደሞዙ፣ ሌላዋም በሌላ።
ልጆቹ «አዲሷ» አሏት እስከ ሁለተኛ ዓመት፤
ለሚሄድ ሰው ስም መያዝ ምን ሊበጅ? ከንቱ ልፋት።

በሦስተኛው መስከረም፣ ለድንች ለቀማ
ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሲከፈት፣ ማንም ሳይሰማ
ጆሲ የምትባል ልጅ ከሐሙስ ቀጠሮዋ
ቀረች።
ከሰኞም ቀረች። ከሁሉም ቀረች።
ቀብሩ ላይ ሎርና ከሰው ኋላ ቆመች፤
ማንም ምንም አላላት። እኔም አላልኩ።
በማግስቱ ፖስታ ነበራት፣ ቀጭኑ።
ሰጠኋት። እጄ አፈረ።

በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣
ሌላ ፖስታ መጣ፣ ማኅተሙ የሚያብለጨልጥ።
ሳልከፍት አነበብኩት፤ ዕዳዋ ቀረ ይላል።
ዕዳዋ ከቀረ፣ እሷን ምን ያስቀራታል?

ያን ቀን ደብዳቤው ከመኪናዬ አልወረደም።
በሃያ ሦስት ዓመት አንድም አሳድሬ አላውቅም።
ከወንበሩ ሥር ከተትኩት፣ ጋዜጣ ደረብኩበት፣
ቤት ገባሁ፤ ሬሚ ቀና አለና፣ ድንገት፦
«ሎርና ትሄዳለች?»
እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ሆንኩ በገዛ ቤቴ።
«ወሩን ቆጥረነዋል» አለ፣ «ስልሳው ሞልቷል፣ አባቴ»።
ለካ ልጆቹ ሁሉ ሲቆጥሩ ኖረዋል፣
ታሳሪ ግድግዳ ላይ ቀን እንደሚጭረው፤
የሷን መፈታት ግን እንደ ፍርድ ፈርተው።

ሲነጋ ሄድኩላት። ጭቃው ጉልበት ድረስ።
«ትናንት ነበር የሚደርስሽ። ያሳደርኩት እኔ ነኝ»።
አየችኝ። ምንም አላለች።
ፖስታውን በጣቷ ቀደደች፣
አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ አልሳቀችም።
«ስልሳ ስምንት ሺሁ ቀረ» አለች።
ቆይታ፣ ወደ ወንዙ እያየች፣
«የጆሲስ?»

ምን ልበላት? እኔ ፖስተኛ ነኝ።
የተላከ አደርሳለሁ፤ ያልተላከውን ከየት ላምጣው?
እሷም መልስ አልጠበቀች። ወረቀቱን አጥፋ
ካፖርቷ ኪስ ከተተች። «ቀጠሮ አለኝ፣ ረፈደ»።
የመኪናዋ ጢስ በጭቃው ላይ ሄደ።
ዛሬ ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ፤
የነገን አልጠየቅሁም።

ማታ ሬሚ ሾርባውን ትቶ ቀና አለ፦
«ዛሬ አልቀረችም»።
ሁለት ቃል።
እንደ አደራ ደብዳቤ፣
ፈርሜ ተቀበልኩ።