ድምፄን የሰጠሁባት ሌሊት

የኔ ሥራ ማይክ ነው፣ የክብሪት ራስ የሚያክል፣
ከቀሚስ አንገት ሥር፣ ከልብ በላይ የሚተከል፣
ሽቦው በጀርባ፣ ባትሪው በወገብ።
ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣል ይላሉ፤
ብቅል ምን አባቱ፣ ማይክ ባለበት ሁሉ!

ዘንድሮ ታዝማኒያ ነን፣ ከሁዎን ወንዝ ዳር፤
የፖም ዛፎች መሀል የኪራይ ቪላ፣ የኪራይ ፍቅር።
አሥራ አራት ሴት፣ አንድ ወንድ፤
ፈረስ አርቢው ላክላን፣ ቀጥ ያለ ግንድ።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ መብራቱ ሲፈካ፣
ከቅርጫት ፖም ያነሣል፣ በዓይኑ እየለካ፤
የደረሳት ትቆያለች፣
ያልደረሳት ሻንጣዋን ጠጠሩ ላይ ትጎትታለች።
(ሻንጣው ባዶ ነው። ልብሱ ቀድሞ በመኪና ሄዷል፤
ባዶ ሻንጣ ሲንኳኳ ተመልካች ያሳዝናል።)

ስድስት ቁጥር ማይክ ብሪዮኒ ናት፣ ጠላቂ፣
ከቀዝቃዛ ባሕር ወለል ዛጎል ፈልቃቂ፣
ሦስት ደቂቃ ሙሉ ትንፋሿን የምትይዝ፤
ላክላን እጇን ሲይዝ
ልቧ አይፈጥን፣ አይዘገይ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት።
ዘጠኝ ቁጥር ታምሲን ናት፣ የባላራት አውቶቡስ ነጂ፣
"አሮጊት ሳትቀመጥ ፍሬን አልለቅም" ባይ፣
ስትስቅ የምታነጥስ እንጂ
የምትስቅ የማትመስል።
ያን ማስነጠስ በሰማች ቁጥር ጠላቂዋን ትንፋሽ ያጥራት ጀመር።
ማንም አላየም። እኔ ግን ሰማሁ፤
ከራሷም ቀድሜ ሳልሰማው አልቀረሁ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ካሜራው ሁሉ ተኝቶ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት
ሁለት ድምፅ መጣ።
"ነገ ለላክላን የምለው ጠፋኝ" አለች ብሪዮኒ፤
"እስቲ አንቺ ላክላን ሁኚ።
እኔ ልናገር፣ ስሳሳት አርሚኝ።"
ታምሲን ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ድምፅዋን አወፈረች፣
"መጀመሪያ ስለ ፈረሶቼ ጠይቂኝ" አለች።
አነጠሰች።
"አንተ..." አለች ብሪዮኒ። ቆመች።
"አንተ ስትስቅ..." አለች።
"አንቺ ስትስቂ" ብላ ራሷን አረመች።

ከ"አንተ" እስከ "አንቺ" የአንዲት ፊደል መንገድ፤
ስንቱ አለ እዚያች ላይ ቆሞ የቀረ፣ ሳይሄድ።
(እኔም በሆባርት ወደብ፣ ድሮ፣ "አንቺ" ማለት ፈርቼ
አንዲቷን "እርስዎ" እንዳልኳት መርከቧ ተነሣ።)

ዝም አሉ።
ያቺ ሦስት ደቂቃ ከባሕር ሥር የምትችል
ሦስት ሰከንድ አልቻለችም።
ጨርቅ ከጨርቅ ተሻሸ፣ ማይክ ከማይክ ገጠመ፤
በስድስት የዘጠኝ ልብ መታ፣ በዘጠኝ የስድስት ደገመ።

"ሮዊና! ስድስት ላይ ምንድን ነው የሚሰማኝ?"
አለ ግሬንጀር በሬዲዮ፣ ካሜራ ሊልክ ቸኩሎ።
"ነፋስ" አልኩት።
መስኮቱ ዝግ ነው። ውጭ አንዲት ቅጠል አልተነቃነቀችም።
መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ስምንት ከአሥራ አራት፣ ነፋስ፣ ለምንም አይሆን፤
ሁለቱንም ቁልፍ ወደ ታች ሳብኩና
ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳመጫዬን አወለቅሁ።

ሐሙስ ደረሰ። ፖሙ ለብሪዮኒ ወጣላት፣
ታምሲን ባዶ እጇን ቀረች።
"በለስ ቀናት!" ብሎ ቤቱ አጨበጨበላት።
እሷ ፖሙን በእጅጌዋ ወልውላ
ለላክላን መለሰችለት፣ "ለፈረሶችህ" ብላ።

ቀድማ የወጣችው ታምሲን ሻንጣ ትጎትት ነበር።
ጠጠሩ አልተንኳኳም፣ አጉረመረመ እንጂ።
ጆሮዬን ማን ያታልለዋል?
ባዶ አልነበረም፤ የመጥለቂያ ጫማ ክብደት ነበረው፣
የሁለት ሰው ልብስ።
"ምንድን ነው የሚከብደው?" አለ ግሬንጀር።
"ጠጠሩ ረጥቧል" አልኩት።

ሕዝቡ ማታ ማታ በስልክ ድምፅ ይሰጣል፣
ይቺ ትቅር፣ ያቺ ትሂድ ይላል።
እኔ ሃያ ዓመት የሰው ድምፅ ስለቅም ኖሬ
የራሴን የሰጠሁት አንዴ ነው፣
እሱንም በማጥፋት።