የኋለኛው

ትሮንድሄም በጥር፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፤
ሰው የሌለው ክፍል፣ እንቅልፍ ያጣ መብራት።
የላቦራቶሪው ጭስ መሳቢያ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፣
የሞቀውን አየር ለበረዶ ይተፋል።

ራግንሂልድ ገባች። ባልዲዋን አስቀምጣ
መስታወቱን ቁልቁል ሳበች፤ ጸጥታው ያኔ መጣ።
ሒሳቡን አትከፍል፣ ስሟም ከዕቅድ የለም፤
«የኋለኛው ያጥፋ» ካለው ከአባቷ ደንብ ሌላ አልተማረችም።

ጠረጴዛው ላይ «አረንጓዴ ግቢ»፣ ሰባት ቅጅ፣
ባንድ ፊት ብቻ የታተመ፤
ሽፋኑ ላይ ቅጠል ያቀፈ እጅ።

አንዱ ቅርጫት ገብቷል። አጎንብሳ አወጣች፣
ካልተጻፈበት ጀርባው አንዲት ቁራጭ ቀደደች፦

«ለዶክተር ቶርቪክ፣
ዘግቼዋለሁ ዛሬም።
ትናንትም እኔ ነበርኩ።
ነገ ግን ተራዬ አይደለም።»