ያለ ቤት ግጥም

ከባቡሩ ድልድይ ሥር፥ ከጊልሞር መንገድ ዳር፥
ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ ከዚህ መስታወት ጋር፥
ዋጋ ስጽፍ፥ ሳጠፋ፥ ብሎን ስቆጥር።
የማኒላ ዝናብ በሬን ሲያንኳኳው
ሰው መጣ እላለሁ፤ ጎርፍ ነው የመጣው።

አንድ ቅዳሜ ግን ከዝናቡ ጋራ
ክሪሳንቶ መጣ፥ እህቱን እየመራ።
ጫማው ውሃ ቋጥሮ፥ በእጁ ላይ ወረቀት፥
«አሥራ ስምንት ሺህ ፔሶ» አናቱ ላይ ያለበት፥
ከሥሩ የዕቃ ስም፥ ተፍቆ የሳሳበት።
መኪና ሲያጥብ ነው ገንዘቡን ያገኘው፤
ጣቱን አየሁትና ሳሙና የላጠው
ዋጋ ልጠራ ስል አፌን ያዝ አረገው።

«ፕሮሰሰሩን ይኼን? ስድስት ልብ ያለው?»
«እሱን ከመረጥክ ማዘርቦርዱ ሌላ ነው።»
«እሺ፥ ይሁን ሌላው።» «ራምህን አይቀበለው።»
«ራሙን ብቀንስስ?» «ጌሙ ይንተባተባል።»
«ካርዱስ፥ ያገለገለ?» «እሱማ ደክሞታል፥
የማይታይ ሳንቲም ሲቆፍር ከርሟል።»

ለካ አቅም የሚሉት ሁለት ዓይነት ኖሯል፤
አንዱ ሣጥኑ ላይ በቁጥር ይጻፋል፥
አንዱን ኪስ ውስጥ ገብቶ ጣት ይዳስሰዋል።

ሊዋይዋይ፥ ሰባት ዓመቷ፥ የመስታወቱን ፊት
በትንፋሿ አደብዝዛ ሳለችበት ድመት።
«የትኛው ነው» አለች «የሚጫወተው?»
ወንድሟ በጣቱ ፕሮሰሰሩን ነካው፥
ቆየና ራሙን፥ ቆየና ካርዱን ጠቆመው፥
ከዚያ እጁን ሰበሰበው።
ሃያ ዓመት ስሸጥ ማንም ያልጠየቀኝ!
ብሎን ቆጠርኩ እንደገና፥ ሥራ እንዳለብኝ።

ከጥጉ መደርደሪያ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ
አነሣና መዘነው። «ይኼስ? የማይታይ፥
መብራት የሌለው ነገር፥ ማን ገብቶ ሊያየው?»
ከእጁ ላይ ወሰድኩት። «አይሆንም፥ ተወው።
የእህቴ ልጅ ገዝቶ፥ አንድ ሌሊት ፈንድቶ
ጨረሰው፤ ርካሹ ውዱን ይዞት ሞቶ።
በሚያብለጨልጨው ላይ ጨክን እንጂ፥ ልጄ፥
ይኼንን አልሸጥልህም፥ አይወጣም ከደጄ።»

ብዙ ዝም አለና እርሳሱን አነሣ፤
ኬዙን ሊሰርዘው እጁ ትንሽ ሳሳ፥
ጎኑ መስታወት ነው፥ ሦስት ፋን ያለበት፥
እንደ ቀስተ ደመና የሚቀያየርበት
መብራት—
          ሰረዘው።
«ያለ ቤት ይገጥማል?»
«ይገጥማል» አልኩኝ፤ «መግጠሙስ ይገጥማል፤
ችግሩ ማብሪያው ነው፥ ከቤቱ ጋር ቀርቷል።»

እህቱን ጠራኋት። «ነይ፥ እዚህ ጥጉን እዪ፥
ሁለት ቀጭን መርፌ፤ ሁለቱን አንድ ላይ
በብረት ጫፍ ንኪ፥ አንዴ ብቻ፥ አትፍሪ።»

በኑድል ካርቶን ሞልተው፥ ላስቲክ አልብሰውት፥
የጂፕኒ ሂሳብ ብቻ ኪሳቸው ቀርቶበት፥
ካርቶኑን እንደ አራስ በጎርፉ አሻገሩት።

በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣም፤ ደስ አለኝ፤
በዚህ ሥራ ሰው ሲመለስ ነው የሚጨንቀኝ።
ረቡዕ ማታ ግን ስልኬ ላይ ቪዲዮ መጣልኝ፦
የዓሣ ማድረቂያ ሣንቃ፥ ላዩ ላይ ሁሉ ነገር
ራቁቱን ተሰጥቶ፥ ያለ ግድግዳ፥ ያለ በር።
ሊዋይዋይ፥ በአገራችን ቋንቋ ንጋት ማለት ናት፥
የሾርባ ማንኪያ ይዛ ተንበርክካለት፥
በእጀታው ጫፍ ነካች።
                    ምንም።
                          ደግማ ነካች።
ፋኑ ሳል ሳል አድርጎት ዞረ፤ ስክሪኑ ላይ
ወገግ አለ፥ ቀስ እያለ፥ ሰማያዊ ሰማይ።
ልጅቱ ስክሪኑን ትታ ወደ እኔ ዞረች፤
ማንኪያውን ከፍ አድርጋ «አገኘሁት!» አለች፥
«የሚጫወተው ይኼ ነው።»