ላውንደሪ ቤት፣ በመስከረም

ክረምቱን በሙሉ ገመድ ላይ ሰቅዬ፣
ማታ እንደ ረጠበ አስገባሁ ጠቅልዬ።
ደብረ ብርሃን ስሙ፣ ጉም ለባሽ ከተማው፤
ልብሱ ሳይደርቅ ያድራል፣ ሻገተብኝ ሸማው።
መስከረም ሲጠራ፣ ቧንቧው ደሞ ነጥፎ፣
ከጠባሴ ወረድኩ፣ ጆንያው ከባጃጅ ተርፎ።

ምንተስኖት ሚዛኑን እያየ ደንግጦ፣
«ሠላሳ ስድስት ኪሎ!» አለ ብዕሩን ጨብጦ፤
«እትዬ፣ ስንት ናችሁ? መዝገቡ ሙላ ይላል።»
«አራት» አልኩ በልማድ፤ ልማድ ያታልላል።

ከጆንያው ግን ወጣ ያልቆጠርኩት ሁሉ፦
የሕፃን ካልሲ አምስት፣ ጎዶሎው በሙሉ፣
የዋርሳዬ ሹራብ፣ ክርኑ ላይ የሳሳ፣
ለሁለት ቀን መጥቶ መሄዱን የረሳ።
ሰው አይቆጠርም ብል፣ ልብሱ ግን ቆጠረ፤
ማሽኑ ሁለቴ ዞሮ መብራት ጠፍቶ ቀረ።

ከመስተዋቱ ኋላ የባሌ ሸሚዝ እጅ
አንገቱን እንዳቀፈ የዋርሳዬን ልጅ።

ብርድ ልብሱን ጎትተን፣ አንድ ጫፍ እሱ ይዞ፣
በሌላው እኔ ቆሜ፣ ውኃው ተጠምዝዞ
ጫማችን ላይ ወረደ።
«በል ምንተስኖቴ፣
ያችን አራት ሰርዛት፤ ዘጠኝ ነን በቤቴ።»