ሰማያዊዋ የት ነበረች?

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ከገሠሠው ፑል ቤት
አሥራ ሰባት ሌሊት አመሸን፤
አሥራ ሰባት ሌሊት
የእንቅልፍ ዕዳ ቆጠርን፣ ወለዱ ከዐይናችን ሥር እስኪያብጥ፤
አንዱ አግዳሚ አምስት ችሎ
እግሩ በአንድ በኩል ሲሰምጥ።

ስኑከር ነው ያሰረን።
እግር ኳስ አይደል፣ ሩጫ አይደል፤
ክራባት ያሰረ ሰው አጎንብሶ
በዝምታ የሚጋደል።

ልብስ ሰፊው ፈንቴ አለ፣ ሜትሩን ካንገቱ የማያወርድ፤
ነርሷ ጥሩዓለም አለች፣ ማለዳ ተረኛ ናት፣
«ይቺን አይቼ» ትላለች፣ ይቺም አታልቅላት፤
ሞላልኝ አለ፣ ባጃጁን ደጅ አቁሞ፣
«አዘዞ!» ላለው ሁሉ «ሞልቷል» ይላል፣ ባዶ ወንበር ተሸክሞ።

ጋሽ አታላይ አለ፣ ነጥብ መዝጋቢያችን።
ስሙን አትመኑ፤
በሠላሳ ዓመት አንዲት ነጥብ አላታለለም።
ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋል፣
ስቴካ ግን ጨብጦ አያውቅም።
«የሚቆጥር አይመታም» ይላል፤
ሌላ አይናገርም።

የተጫዋቾቹን ስም ምላሳችን እምቢ ቢል
እኛው ክርስትና አነሣናቸው፤
ረጅሙን፣ ቀጭኑን፣ ታጥፎ የማይሰበረውን
«ሸምበቆ» አልነው፤
ያኛውን፣ ሳይመታ በፊት ከንፈሩ የሚያነበንበውን
«ደብተራው»።
ምን እንደሚደግም ማን ያውቃል?
«ኳሷ የምትገባው ፈርታው ነው» ብሎ ፈንቴ ይምላል።

የመጨረሻው ሌሊት። ስድስት ሰዓት።
አሥራ ሰባት ለአሥራ ሰባት።
ቀዩ አልቆ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ቡናማው ገብቶ
ሦስት ቀርቶ፦
ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ጥቁር።
ደብተራው በዐሥራ አራት ይመራል፤
ሸምበቆ ሦስቱንም ካልከተተ
ያበቃል።
ሸምበቆ ተነሣ። ጠመኔ ቀባ። ዞረ። አየ።
አገጩን ስቴካው ላይ አሳረፈ፣
ክርኑን ወደ ኋላ…

መብራት ሄደ።

ፒያሳ በሙሉ «ኧረ!» አለ፤ እኛ ትንፋሽ አላወጣንም፤
ጥቁሩ መስታወት ውስጥ ሸምበቆ
እንዳጎነበሰ ነው፣ አልቀናም።
ከአንገረብ በኩል ነፋስ። አንድ ውሻ።
ገሠሠው ጄኔሬተሩን ሳበ፣ ሳበ፤
ሳል ብቻ።
ኔትወርኩም አብሮ ሄዷል፤ ከመብራት ጋር ጓደኛሞች ናቸው።

«ሰማያዊዋ የት ነበረች?»
አለች ጥሩዓለም በጨለማው።

በስልክ መብራት የገሠሠውን ጠረጴዛ ከበብን፤
ጨርቁ ሁለት ቦታ ተጥፏል፣ በፈንቴ እጅ።
ሁለት ቁጥር ሰማያዊ ናት፣ ስምንት ቁጥር ጥቁር፤
ሮዝ ከየት ይምጣ?
ሞላልኝ ከጓዳ አንዲት ቀይ ሽንኩርት ይዞ መጣ፤
የላይ ልጣጯን ገፈፈና
«ብዙ ካላፈጠጣችሁባት ሮዝ ናት» አለ።

ከዚያ ክርክር፦
«መሃል ኪስ አጠገብ ነበረች!»
«ወደ ላይ!» «አንድ ስንዝር!» «የማን ስንዝር?»
ፈንቴ ሜትሩን ካንገቱ አወረደ፤
የሌለችን ኳስ ርቀት ለካ፣ ደግሞ ለካ፣
ባለቤቱ ያልመጣ ልብስ እንደሚለካ።

ሞላልኝ ስቴካውን ተቀብሎ መለሰ፤
«የሰው ዋንጫ በኔ እጅ አይሰበርም።»
ጥሩዓለም ሰዓቷን አየች። አልሄደችም።
ያኔ ጋሽ አታላይ
ጠመኔውን ከግድግዳው አንሥቶ
የስቴካውን ጫፍ ቀባ።
ማንም አልጠየቀው።
ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ቀጭ አለ፤
ከንፈሩ እንደ ደብተራው አነበነበ፣
ክንዱ ግን
የሸምበቆ ነበረ።

ሰማያዊዋ ገባች፤
በጠረጴዛው ሆድ ስትንከባለል ሰማናት።
ሽንኩርቷ ግን ሽንኩርት ናት፤
ጎበጥ ቀና፣ ጎበጥ ቀና እያለች ሄዳ
ከኪሱ ከንፈር ደረሰች፤
አሰበች፤
ቆመች።

ሳቅን መሰለኝ።
ጥሩዓለም ዐይኗን ጠራረገች፣
በሽንኩርቱ አመካኘች።

መብራት ሲመጣ ነግቷል፤
ቴሌቪዥኑ ስለ ሌላ አገር ዝናብ ያወራል።
ማን እንዳሸነፈ ኋላ ሰማሁ፤ አልነግራችሁም።
እዚያ ቤት ዛሬም አሥራ ሰባት ለአሥራ ሰባት ነው፤
ገሠሠው ግድግዳውን ቀለም ሲያስቀባ
ያቺን ዘሎ አስቀባ።

ሽንኩርቷን ጋሽ አታላይ ጠዋት ለእንቁላሉ ከተፋት፤
አንዴ ጎረሰና፣ እንደ ልማዱ፣
«ስድስት» አለ።