ሁለት ደቂቃ

ግንቦት ሲጋመስ፣ በሃኤን ኮረብታ፣
የወይራ ብናኝ ሲነፍስ ጠዋት ማታ፣
አባቴ ቤላርሚኖ መስኮት ይዘጋል፤
በገዛ ዛፎቹ ደረቱ ይወጋል።
አርባ ዓመት መለመለ፣ አርባ ዓመት አጠጣ፣
ያጎረሰ እጁን ሊነክሰው ዛፉ መጣ።
«ዛፍ አይከሰስም» ይላል እያነጠሰ፣
በኮሌታው ጫፍ ዓይኑን እያበሰ።

እኔ ልጁ ካሲልዳ፣ ግራናዳ ያለሁ፣
በብርጭቆ ቱቦ ሽምግልና እሠራለሁ።
ብናኙን ብቻውን ከምላስ ሥር ባኖረው፣
ምራቅ ጠርጎት ያልፋል፣ ማንም ሳያናግረው።
ዓመታት ይፈጃል ሰውነት እስኪለምድ፣
ደጅ የጠና እንግዳ ከቤተኛ እስኪዛመድ።
ለዚህ ነው አጃቢ የምፈልግለት፣
ከዘበኛው ሕዋስ ፊት ቆሞ የሚምልለት፦
«ይህ ሌባ አይደለም፣ የጎረቤት ዛፍ ነው፤
ሰይፍህን መልሰው፣ ፊቱን አንዴ እየው።»

የአሉሚኒየም ጨው ለክንድ ደግ ነበረ፣
ከምላስ ሥር ሲገባ ግን ደንጊያ ሆኖ ቀረ።
የባክቴሪያው ቅባት ድምፁ በዛና፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ አይጦቼን አስነጠሰ እንደገና።
ኋላ ከእርሾ ገላ የስኳር ክር ፈተልን፣
ክሩን ከብናኙ ጋራ ቋጠርን፣ ጠቀለልን።
ለአንድ ብርቱ ሁለት ነው መድኃኒቱ፤
ዘበኛው እጅ ዘረጋ፣ በረደ ትኩሳቱ።

በአይጥ ነው ይሄ ሁሉ። ሰው ሌላ ነው።

አባቴ ግን፣ ሳይነግረኝ፣ ሙከራው ላይ ተመዝግቦ፣
ጠርሙሱን አየሁት ከዘይት ማሰሮው ጎን ቀርቦ።
ቁጥር እንጂ ስም የለበት። አጃቢው ይኑር አይኑር
እኔም አላውቅ፣ ሐኪሙም፤ ሕጉ ነው እንዲህ ያለ ምስጢር።

ሁለት ደቂቃ። አይዋጥም፣ አይወራም።
እሱ ደግሞ ከጎህ እስከ ምሽት ዝም አይልም፤
«መሬቱን ጥለሽ አይጥ ታረቢያለሽ» ሲለኝ
አሥራ አንድ ዓመት ሰምቼ የሰለቸኝ።
ዛሬ ጠብታዋን ከምላሱ ሥር ደብቆ፣
ያየኛል፣ የሚለውን ሁሉ በጉንጩ አምቆ።
ከመስኮቱ ማዶ ዛፎቹ ቢጫ ይዘራሉ፤
የግድግዳው ሰዓትና የኔ ጣቶች ይቆጥራሉ።
እንዲህ ተያይተን አናውቅም፣
እናቴ ከሞተች ወዲህ፣ ወይ ከዚያም በፊት፣ እንጃ።

መቶ ሃያ ሲሞላ ዋጠ። ወቀሳ ስጠብቅበት፣
«ዳቦሽ ደርቋል፣» አለኝ፣ «ዘይት ጨምሪበት።»